ለፊክሲ ፔዳል የቱ ማሰሪያ ይሻላል? ቆዳው፣ ሰፊው ወይስ ቀጭ የሚለው?

ሾላ_በዲሲ

ሰላም ወገኖች። ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፣ ታገሱኝ።

ያገለገለ ፊክሲ ብስክሌት ገዝቻለሁ። የፊቱ የሰንሰለት ጥርስ 48፣ የኋላው 16 ነው። የፊት ፍሬን አለው፣ የኋላ የለውም። ችግሩ ፔዳሉ ነው። ልሙጥ የፕላስቲክ ፔዳል፣ እግር የሚይዝ ነገር የሌለው። ፊክሲ ነድታችሁ ለማታውቁ፣ የኋላው ጎማ እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል፣ እግር አሳርፎ ዝም ብሎ መንሸራተት የሚባል ነገር የለም። ሜዳ ላይ ደስታው እሱ ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ጉድ ነው። በ13ኛው ጎዳና ከኮሎምቢያ ሃይትስ ወደ ዩ ስትሪት ስወርድ ፔዳሉ እግሬን ጥሎት ይሄዳል፣ መልሼ ልያዘው ስል ቅልጥሜን ይለኛል።

ስለዚህ ማሰሪያ ልገዛ ነው። ግን የቱን? አንዱ ሱቅ የጫማን ጫፍ የሚይዝ የብረት አፍንጫ ያለውን፣ በቀጭን የቆዳ ጠፍር የሚታሰረውን አሳየኝ። ሌላው ሱቅ ደግሞ ሰፊውን፣ በቬልክሮ የሚለጠፈውን ውሰድ አለኝ። ጓደኛዬን ስጠይቀው "ይሄ ሁሉ ጣጣ ምንድነው፣ ጫማው ፔዳሉ ላይ ቀጭ ብሎ የሚገባውን ግዛና ተገላገል" አለ።

ሥራ የምመላለሰው በዚሁ ብስክሌት ነው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ወደ ዲሲ ዳውንታውን። ቆሜ ስለምውል ጫማዬ ወፍራም ነው፣ ቁጥሩ 45። ክረምት ሲገባ ቦት አደርጋለሁ። ሌላ ጫማ በቦርሳ ይዤ መዞር አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ? ደግሞ እውነቱን ንገሩኝ፣ እግሬ ታስሮ እያለ መብራት ላይ ብቆም አልወድቅም?

የድሮ_ተላላኪ

እንኳን ደስ ያለህ። እኔ ዳውንታውን ውስጥ ሰነድ በብስክሌት ሳደርስ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ማሰሪያ ላይ ትንሽ አስተያየት አያጣኝም።

መልሱን ራስህ ተናግረኸዋል። ጫማህ ነው የሚወስነው። ወፍራም ጫማ፣ 45 ቁጥር፣ ክረምት ደግሞ ቦት ካልክ ሰፊውን ግዛ፣ አለቀ። የብረቱ አፍንጫ ለቀጭን ጫማ የተሠራ ነገር ነው። ቦት ወይ አይገባበትም፣ ወይ ከገባ አይወጣም። ሰፊውን ግን ቬልክሮውን ላላ ጠበቅ እያደረግክ በጋም ክረምትም ትነዳበታለህ።

ግን ሰፊ የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ገብተህ በእጅህ ጨመቅ አድርገው። ደረቅ ብሎ፣ ቅስት ሠርቶ ራሱን ችሎ የሚቆም መሆን አለበት። ለምን መሰለህ፣ ስትነሳ አንዱን እግርህን አስገብተህ ትጀምራለህ፣ ሁለተኛውን ግን ፔዳሉ እየዞረ ነው የምታስገባው። ማሰሪያው ልፍስፍስ ከሆነ ተኝቶ ይጠብቅሃል፣ ከላዩ ትረግጠዋለህ፣ ወይም ፔዳሉ ይገለበጥና ማሰሪያው ከታች አስፋልቱን እየጠረገ ይሄዳል። በዚህ ላይ ፊክሲ ኩርባ ላይ ፔዳሉን ከፍ አድርገህ የምትይዝበት ዕድል ስለማይሰጥህ ከፔዳሉ በታች የሚንጠለጠል ነገር ባይኖርህ ይመረጣል።

ቬልክሮው ሰፊ ይሁን፣ ተደራርቦ የሚለጠፈው ደግሞ ይበልጥ ይይዛል። አሜሪካ ውስጥ ሆልድ ፋስት የሚባለው ይታወቃል፣ ቶሮንቶ ዋይኖት አለ፣ እንግሊዝ ሬስትራፕ። ስሙ ብዙም አያስጨንቅህ፣ ስፌቱን እይ። ማሰሪያ የሚበጠሰው ጨርቁ አልቆ አይደለም፣ ክሩ ተፈትቶ ነው።

አሁን ያለህ ፔዳል ላይ ደግሞ ማሰሪያ ላይገባ ይችላል። በሁለቱም ጎን ማሰሪያው የሚያልፍበት ሰፊ ክፍተት ያለው ጠፍጣፋ ፔዳል ያስፈልግሃል። ማሰሪያውን ይዘህ ፔዳሉ ላይ ሞክረው፣ "ይገባል" የሚል ሻጭ አትመን። ሹል ሹል ብረት የተተከለበትን ፔዳልም ተወው። እሱ ለልቅ እግር ጥሩ ነው፣ ከማሰሪያ ጋር ሲሆን ግን ሶልህን ይዞ እግርህን ማስገባትም ማውጣትም ያስቸግርሃል።

ስታስተካክለው የምትነዳበትን ጫማ አድርገህ ይሁን። ተረከዝህን ወደ ውጭ ዞር አድርገህ ስታስገባ እግርህ በቀላሉ መግባት አለበት። ተረከዝህን ስታቀና ይጠብቃል። ስትወጣም እንደዚያው፣ ተረከዝ ወደ ውጭ፣ እግር ወደ ኋላ። ምንም ሳታዞር እግርህ ወደ ላይ ሾልኮ ከወጣ ላልቷል ማለት ነው፣ ቁልቁለት ላይ አያድንህም።

ስለ መውደቅ፣ መጀመሪያ ሰሞን ልትወድቅ ትችላለህ፣ ቆመህ ነው የምትወድቀው፣ ከጉልበትህ ይልቅ ክብርህ ነው የሚጎዳው። ቅዳሜ ጠዋት ሄይንስ ፖይንት ሂድ፣ ሜዳ ነው፣ እዚያ መግባት መውጣት ተለማመድ። 13ኛው ጎዳና ላይ አትማር።

የቆዳው_ወገን

ተላላኪው አብዛኛውን ልክ ብሏል። ቆዳውን ግን በሁለት መስመር ገፍቶ ማለፉ ነውር ነው 😄

ጃፓን ውስጥ ኬይሪን የሚባል ውድድር አለ። በ1948 ኮኩራ ከተማ የተጀመረ፣ ሕዝቡ ገንዘብ የሚያስይዝበት ውድድር ነው። ብስክሌቶቹ ፊክሲ ናቸው፣ ፍሬን የሚባል የላቸውም። ዕቃው ሁሉ፣ ከፍሬሙ እስከ ፔዳሉ፣ ኤን ጄ ኤስ የሚል ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። እና እነዚህ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበሩ ሰዎች እግራቸውን በምን ያስራሉ? በብረት አፍንጫና በቆዳ ጠፍር። ኬይሪን በ2000 ሲድኒ ላይ ኦሎምፒክ ገባ፣ እዚያ ቀጭ የሚለውን ፔዳል ነው የሚጠቀሙት፣ ግን አጭር ርቀት የሚሮጡት ብዙዎቹ ከላዩ ጠፍር ደርበው ያስራሉ። እግር ሙሉ ኃይሉን አውጥቶ ሲጎትት ጠፍር የሚሰጠውን እርግጠኝነት ሌላው አይሰጥም።

ቆዳ የምትገዛ ከሆነ እንዲህ እየው። አንድ ንብርብር የሆነው ርካሽ ነው፣ ግን ይለጠጣል። በተለይ ዝናብ ሲነካው ይረዝማል፣ ዛሬ ያጠበቅከው ነገ ላልቶ ታገኘዋለህ። ሁለት ቆዳ ተጣብቆ መሃሉ ናይለን የገባበት አለ፣ ቶሺ እና ኤም ኬ ኤስ የሚባሉት ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ይሠራሉ። ዋጋው ወፈር ይላል፣ ግን አይለጠጥም። ከዚያ ዘለበቱን ተመልከት። ስፕሪንጉ ጠንካራ፣ ጥርሱ ስል መሆን አለበት። ጫፉን በሁለት ጣት ስትስበው ይጠብቃል፣ ዘለበቱን በአውራ ጣት ገፋ ስታደርገው ይለቃል። ይሄን ሱቅ ውስጥ ደጋግመህ ሞክረው፣ እዚያ ካስቸገረህ መንገድ ላይ ይብሳል።

ስታስገባው ጠፍሩን በፔዳሉ ሁለት ክንፎች መሃል አንድ ጊዜ ጠምዝዘው። ይሄን የሚነግርህ ሻጭ የለም። ካልተጠመዘዘ ጠፍሩ ይንሸራተትና ዘለበቱ ቀስ በቀስ ከጫማህ ስር ይገባል። ዘለበቱ ከእግርህ የውጭ ጎን፣ ከፔዳሉ ክንፍ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። የብረቱ አፍንጫ ደግሞ ቁጥር አለው፣ ለ45 ትልቁን ወይም በጣም ትልቁን ነው የምትፈልገው። አፍንጫው ካጠረ የእግርህ ጣቶች ብቻ ፔዳሉ ላይ ይቀራሉ። የሚሸከመው ከአውራ ጣትህ በታች ያለው ሰፊው የእግርህ ክፍል መሆን አለበት፣ እሱ ልክ ከፔዳሉ ዘንግ በላይ ይረፍ።

ለቦት አይሆንም ያለውን ግን አልከራከርም። የእኔ ቆዳ በጋ ላይ ነው። ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ጨው ሲበተንበት ቆዳ አያሳዝንም እንዴ።

ትንሽ_እግር

ሁለታችሁም ስለ ትልቅ እግር ነው የምታወሩት። 36 የምናደርግም አለን።

ሰፊውን ስገዛ መደበኛው ለእኔ ረዝሞ ትርፉ ከቬልክሮው አልፎ ወጣ፣ እግሬ በዞረ ቁጥር ክራንኩን (ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድ) ይፈገፍግ ነበር። አጭሩን የሚሠሩ አሉ፣ ለትንሽ እግር እሱን ፈልጉ። ቆርጬ አሳጥረዋለሁ ካላችሁ ጫፉን በላይተር አቅልጡት፣ አለዚያ ይተረተራል።

አንድ ሰው ያላነሳው ነገር ግን አለ፣ ሾላ፣ አንተንም ይመለከትሃል። የፊት ጎማ ከእግር ጋር መጋጨት። ፔዳሉን ወደ ፊት አግድም አድርገው፣ ማሰሪያ ሊይዝህ የሚገባው ቦታ ላይ እግርህን አስቀምጥ፣ ከዚያ መሪውን ወደ እግርህ ጎን አዙር። ጎማው ጫማህን ነካው? በመደበኛ ብስክሌት ይሄ ቀላል ነው፣ እግርህን ወደ ኋላ መልሰህ ትዞራለህ። ፊክሲ ላይ ግን እግርህ የትም አይሄድም፣ ጎማው ሲመታው ቀስ ብለህ እየዞርክም ቢሆን መሪህን ይነጥቅሃል። የብረት አፍንጫ ደግሞ ከጫማው ፊት ትንሽ ይረዝማል። ትንሽ ፍሬም የምንነዳ ሴቶች ላይ ይሄ ይብሳል፣ ግን 45 ቁጥር ጫማም ያው ነው። እኔ አፍንጫውን የተውኩት በዚህ ብቻ ነው እንጂ መልኩንስ እወደዋለሁ።

የጫማ ክርም እሰር፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጉጥ። በቀኝ በኩል ሰንሰለቱ ከያዘው ፊክሲ "ቆይ" አይልህም።

ሃክኒ_ላይ

ከለንደን ነኝ። ጓደኛህን እንዲህ አታጣጥሉት፣ ቀጭ የሚለው ፔዳል የሚጠላ ነገር አይደለም። ሉክ የሚባለው የፈረንሳይ ድርጅት በ1984 አወጣው፣ በዓመቱ በርናርድ ኢኖ ቱር ደ ፍራንስን በሱ አሸነፈ፣ ከዚያ በኋላ የቆዳው ዘመን በመንገድ ውድድር ቀስ በቀስ አበቃ። የመንገድ ውድድሩ ዓይነት ግን ሲራመዱበት እንደ ዳክዬ ያስኬዳል። ለከተማ የሚሆነው ሺማኖ በ1990 ያወጣው ኤስ ፒ ዲ ነው። ጫማው ስር የሚታሰረውና ፔዳሉን የሚይዘው ብረት ትንሽ ነው፣ ሶሉ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ ቢሮም ሱቅም ትሄድበታለህ።

ከገዛህ ግን ብረቱ ሁለት ዓይነት መሆኑን እወቅ። ኤስ ኤች 51 የሚባለው ተረከዝህን ወደ ጎን ስታዞር ብቻ ይለቃል። ኤስ ኤች 56 በብዙ አቅጣጫ ይለቃል፣ ለጀማሪ ተብሎ የተሠራ ነው። ለፊክሲ 51ዱን ነው የምመክረው፣ ምክንያቱም ፔዳሉን ለማዘግየት እግርህን ወደ ላይ ስትጎትት 56ቱ ሊለቅህ ይችላል፣ ፊክሲ ላይ ደግሞ እግር መልቀቅ የማይገባው ያን ጊዜ ነው።

ለሾላ ግን ይሄ አይሆንም። የተለየ ጫማ አልፈልግም ብሏል፣ በቃ። ሰፊውን ግዛ።

ስለ ፍሬን አንድ ነገር ልበል። እዚህ እንግሊዝ ሕጉ ሁለት ፍሬን ይላል፣ ፊክሲ ከሆነ ፔዳሉ እንደ ኋላ ፍሬን ይቆጠርልሃል፣ የፊቱ ግን ግዴታ ነው። ጀርመን ይብሳል፣ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ፍሬኖች ነው የሚሉት። እናንተ ጋ እንዴት ነው?

የድሮ_ተላላኪ

ዲሲ ውስጥ ፊክሲ የተለየ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ አያስገድድም፣ ነጂው በፔዳሉ ማቆም ከቻለ። ሜሪላንድ ግን ደረቅ አስፋልት ላይ በአጭር ርቀት የሚያቆም ፍሬን ይኑር ይላል፣ ለፊክሲ ብሎ ያወጣው ነገር የለም። ሾላ፣ አንተ ደግሞ በየቀኑ ድንበሩን ትሻገራለህ። ለማንኛውም ሕግ ምንም ይበል ምን የፊቱን ፍሬን እንዳታወልቅ። አሪፍ ይመስላል ብለው የሚያወልቁ ልጆች አሉ። ማሰሪያ ፍሬን አይደለም። ማሰሪያ እግርህን ፔዳሉ ላይ ያቆያል፣ ያው ነው ሥራው።

ሾላ_በዲሲ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትንሽ እግር፣ ያልሽውን አሁን ሞከርኩት፣ ጎማው ጫማዬን ይነካል። ስለዚህ የብረት አፍንጫ ከጨዋታ ወጣ። የቆዳው ወገን ይቅር ይበለኝ።

ጋሼ ተላላኪ፣ ሰዎች የኋላ ጎማቸውን ቆልፈው አስፋልት ላይ እያንሸራተቱ ሲቆሙ አያለሁ። በሰፊው ማሰሪያ ይቻላል? ጎማስ አይጨርስም?

የድሮ_ተላላኪ

ይቻላል። እንዲያውም ማሰሪያው ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚታወቀው ያኔ ነው። ክብደትህን ወደ ፊት ታደርግና የኋላውን ጎማ ታቀለዋለህ፣ ፔዳሎቹ አግድም ሲሆኑ የኋላው እግርህ ይጫናል፣ የፊተኛው ወደ ላይ ይጎትታል። ወደ ላይ የሚጎተተው እግር የሚንጠለጠለው ማሰሪያው ላይ ብቻ ነው። ቬልክሮው ጭቃ ጠጥቶ ከሆነ እዚያ ላይ ቸርርር ብሎ ይለቅሃል። ስለዚህ አልፎ አልፎ በጥርስ ብሩሽ አጽዳው፣ ጭቃና ፀጉር ነው የሚገድለው።

ጎማውን በተመለከተ፣ አንተ ከማሰሪያህ በላይ ሊያሳስብህ የሚገባው የብስክሌትህ ጥርስ ነው። 48 በ16 ማለት ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ልክ ሦስቴ ይዞራል ማለት ነው። ስለዚህ አንዱን እግር ፊት አድርገህ ባንሸራተትክ ቁጥር መሬት የሚነካው የጎማው ክፍል ያው አንዱ ቦታ ነው። ጎማህ ሌላው አዲስ ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይቀደዳል። የኋላውን ጥርስ ወደ 17 ቀይረው። 48 በ17 ሲሆን የሚነካው ቦታ 17 ይሆናል፣ ጎማው እኩል ያልቃል፣ ዳገቱም ትንሽ ይቀልሃል፣ ማልኮም ኤክስ ፓርክ ጎን ያለውን ዳገት ስትወጣ ትመርቀኛለህ። ርካሽ ዕቃ ነው። ግን በራስህ አትፍታው፣ የሚይዘው ቀለበት በተቃራኒ ነው የሚዞር፣ መሣሪያውም የተለየ ነው።

ሸገር_በጎማ

ከአዲስ አበባ ሰላም። እናንተ ምርጫ በዝቶባችሁ ነው የምትጨነቁት፣ እኛ ጋ ሱቅ ገብተህ "የፔዳል ማሰሪያ" ብትል የሚያይህ አስተያየት ሌላ ነው።

እኛ ያሠራነውን ልንገራችሁ፣ ምናልባት ለሚፈልግ ይጠቅማል። የመኪና የደህንነት ቀበቶ። ከተፈታታ መኪና ዕቃ የሚሸጡት ጋ ይገኛል። ስፋቱ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፣ ጥንካሬው አይወራም፣ ሰው ከነመኪናው ሲጋጭ እንዲይዝ ነው የተሠራው። ግን ልፍስፍስ ነው፣ ተላላኪው ያለው ችግር አለበት። ስለዚህ ሁለት አድርገን እናነባብረውና መሃሉ ላይ ከጀሪካን የተቆረጠ ቀጭን ፕላስቲክ እናስገባለን፣ እሱ ቅስቱን ያቆምልሃል። ቬልክሮ በሜትር ይሸጣል። ስፌቱን ሸራ ሰፊ ጋ ውሰዱት፣ የልብስ ስፌት መኪና መርፌ ይሰብራል። በወፍራም የናይለን ክር አራት ማዕዘን ይስፋና በመሃሉ የመስቀል ቅርጽ ይጨምርበት፣ ቬልክሮውም የሚሰፋው በዚያው ዓይነት ነው። አንድ ጓደኛችን የቆዳ ሠርቶ ነበር፣ የኛ ቆዳ ጥሩ ነው አይደል፣ ግን ነጠላ ስለነበር ክረምት ላይ ተለጠጠና የውሻ ማሰሪያ አደረገው።

መንገዱን ደግሞ አትርሱት። ከፒያሳ በቸርችል ቁልቁል ለገሃር ስትወርድ ሚኒባሱ "ወራጅ አለ" ሲባል ፊትህ ቀጥ ይላል። በማሰሪያ ብቻ የሚቆም ካለ ይንገረኝ። እኛ የፊት ፍሬን ሳናስገባ አንወጣም፣ እግራችንንም በጣም ጠበቅ አድርገን አናስርም፣ ፈጥነህ መሬት መርገጥ የሚያስፈልግህ ጊዜ ብዙ ነው።

የቆዳው_ወገን

የጀሪካኗ ነገር ጎበዝ ናት። ፎቶ ካለህ ጣልልን። ለጓደኛህም ንገረው፣ መሃሉ ላይ ያንኑ የመኪና ቀበቶ አስገብቶ ሁለት ቆዳ ቢያጣብቅና ዳር ዳሩን ቢሰፋው አይለጠጥበትም።

ሾላ_በዲሲ

ሰፊውን ገዛሁ፣ ሻጩ ፊት ጨምቄ ጨምቄ። ክፍተት ያለው ጠፍጣፋ ፔዳልም ጨመርኩ። አሁን አሮጌውን ፔዳል እየፈታሁ ነው። ቀኙ ወጣ፣ ግራው ግን ጭራሽ እየጠበቀ ነው የሚሄደው። ዝጎ ይሆን? ቧንቧ ጨምሬ ቁልፉን ላስረዝመው ወይ?

ትንሽ_እግር

ኧረ ተው! የግራው ፔዳል የብሎን ጥርስ ተቃራኒ ነው። ወደ ቀኝ አዙረህ ነው የሚፈታው። አዲሱን ስታስገባም ወደ ግራ እያዞርክ፣ መጀመሪያ በእጅህ ብቻ፣ ጥርሱ ላይ ትንሽ ግራሶ ቀብተህ። በእጅ እምቢ ካለህ አቁም፣ በቁልፍ ካስገደድከው ክራንኩን ነው የምትበላው። ማሰሪያውን ደግሞ ፔዳሉ ከመግባቱ በፊት አስገባበት፣ ከገባ በኋላ በክራንኩ በኩል ጣት አያስገባም።